ሸክላና መጽሐፍ በፊንስበሪ ፓርክ

ከፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ ወጥተው ወደ ስትራውድ ግሪን ሮድ ሲታጠፉ መንገዱ እንደማንኛውም የሰሜን ለንደን መንገድ ነው፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ ፀጉር ቤት፣ ስልክ ጠጋኝ፣ ሽቅብ ወደ መዝዌል ሂል የሚያዘግም ደብሊው 7 አውቶቡስ። ቁጥር 76 ላይ ግን ልብ ያላለ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አነስተኛ የመጽሐፍ መደብር አለ። ከ1973 ጀምሮ እዚያው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ኒው ቢከን ይባላል፤ በእኛ አፍ “አዲስ ፋና” ብንለው አይከፋም። ከመደብሩ በላይ ደግሞ የጆርጅ ፓድሞር ተቋም የሚባል የሰነድ ማኖሪያ አለ።

ይህን መደብር ያነሣሁት ግን ስለ ሙዚቃም ለማውራት ነው። ሂፕ ሆፕ ቤተ መጻሕፍት ገባ ሲባል የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም። ሞንታርቦ ጸጥታ በሚጠበቅበት ቤት ምን ይሠራል? ጥያቄው ሌላ ሰፈር ቢነሳ ይገባኛል። በዚህ ሰፈር ግን መጽሐፉና ሸክላው ተለያይተው ያደሩበት ዘመን የለም፤ ያሳደጓቸውም ሰዎች አንድ ናቸው።

ኒው ቢከንን በ1966 ያቋቋሙት ጆን ላ ሮዝና ሣራ ኋይት ናቸው። ላ ሮዝ በ1927 ትሪኒዳድ ውስጥ አሪማ በምትባል ከተማ የተወለዱ፣ በሠራተኛ ማኅበር ትግል ያደጉ ገጣሚ ነበሩ። ያሳተሙት የመጀመሪያ መጽሐፍ የራሳቸው የግጥም መድበል ነው። የድርጅቱን ስም የወሰዱት በ1930ዎቹ ትሪኒዳድ ውስጥ ይታተም ከነበረ “ቢከን” ከተባለ መጽሔት ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። በላ ሮዝ እምነት ቅኝ ገዢ ትልቁን ሥራውን የሚሠራው እውቀት እንዲቋረጥ በማድረግ ነው። አባት የደረሰበትን ልጁ እንዳያውቅ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ትውልድ “ሀ” ብሎ ይጀምራል። የተበጠሰውን ለመቀጠል ማተሚያና መደርደሪያ ያስፈልግ ነበር።

ነገሩ በቃል ብቻ አልቀረም። በ1969 የሃሪንጌ ማዘጋጃ ቤት ተማሪዎችን በችሎታ እየለየ ለየትምህርት ቤቱ ሊያከፋፍል ሲያስብ፣ የካሪቢያን ተወላጅ ወላጆች ልጆቻችን ደካማ ተብለው ሊፈረጁ ነው ብለው ተነሡ፤ ላ ሮዝም ከመካከላቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት ቤታቸው ውስጥ ልጆች ሰብስበው የጆርጅ ፓድሞርን ትምህርት ቤት ጀመሩ። በ1971 ደግሞ ግሬናዳዊው በርናርድ ኮርድ የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የካሪቢያን ልጆች እንዴት በገፍ “አእምሯቸው ዘገምተኛ” ለተባሉ ሕፃናት ወደተከፈቱ ትምህርት ቤቶች እንደሚላኩ የሚያጋልጥ ነበር። ሰነድ ሆኖ ያልቀረ፣ ወላጆች ይዘውት ለሙግት የሚወጡበት መጽሐፍ ሆነ።

ፓድሞር ማን ነው? እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ጆሮውን ሊያቆም ይገባል። ትሪኒዳዳዊው ፓድሞር (የልደት ስሙ ማልኮም ነርስ ነው) በ1930ዎቹ አጋማሽ ለንደን ሲከትም፣ በከተማዋ ያሉትን ጥቁር ምሁራን አንድ ያደረጋቸው የእኛ ጉዳይ ነበር። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ ጸሐፊው ሲ ኤል አር ጄምስ፣ ኤሚ አሽዉድ ጋርቬይ፣ ጆሞ ኬንያታና ሌሎችም የአቢሲኒያ ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ። ከጉያና የመጣ አንድ ጓደኛቸውማ ጆርጅ ግሪፊዝ የሚለውን ስሙን ጥሎ ራስ መኮንን ተባለ፤ በዚሁ ስም ኖረ፣ ትዝታውንም በዚሁ ስም አሳተመ። በ1937 ፓድሞር የመራው የአፍሪካ አገልግሎት ቢሮ ከዚሁ ስብስብ የበቀለ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ 1945ቱ የማንቸስተር የመላ አፍሪካ ጉባኤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። (ሁሉም ጃንሆይን አወድሷል ማለት አይደለም። ታላቁ የጥቁሮች መብት ታጋይ ማርከስ ጋርቬይ ከ1936 በኋላ ንጉሡን በጽሑፉ ክፉኛ ሸንቁጧል። ዛሬ ቶተንሃም ውስጥ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ይጠራል።) እንግዲህ ሀበሻ በሰሜን ለንደን እንጀራ መጋገር ሳይጀምር፣ ኢትዮጵያ በሰፈሩ ሰዎች መደርደሪያ ላይ ቦታዋን ይዛ ነበር።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። ከፊንስበሪ ፓርክ ወደ ኪንግስ ክሮስ አቅጣጫ ወረድ ሲሉ ጊፎርድ ጎዳና ላይ፣ ኦስካር አብራምስ የተባለ ጉያናዊ በ1971 ኬስኪዲ የሚባል የጥቁሮች የጥበብ ማዕከል ከፈተ። ትያትር ይታይበት፣ ሥዕል ይሣልበት ነበር፤ ቦብ ማርሊ በ1978 ለአንድ የፍቅር ዘፈኑ ፊልም የተቀረጸው በዚህ ቤት ነው። እኔን የሚማርከኝ ግን አንድ ሠራተኛው ነው። የኬስኪዲ የመጀመሪያ ደሞዝተኛ የቤተ መጻሕፍትና የትምህርት ኃላፊ አንድ ወጣት ጃማይካዊ ነበር፤ ሊንተን ክዌሲ ጆንሰን። በአሥራ አንድ ዓመቱ ለንደን የመጣ፣ ከብላክ ፓንተር ንቅናቄ ጋር ሲውል ከመጽሐፍ ክምችታቸው የጥቁር አሜሪካዊውን ምሁር የዱ ቦይስን ሥራ አግኝቶ ዓይኑ የተገለጠለት ልጅ ነው። ቀን መጽሐፍ ያውሳል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ግጥሙን በባስ ጊታር ምት ላይ፣ ጃማይካዊ አነጋገሩን ሳያርም ያነባል። ይህ የደብ ግጥም የተባለው ነገር የብሪታንያ ራፕ አጎት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እናም አጎትዬው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። በ2002 ፔንግዊን ከዘመናዊ ዝነኛ ድርሰቶቹ ተርታ ሲያስገባው በሕይወት እያለ ለዚህ የበቃ ሁለተኛው ገጣሚ፣ የመጀመሪያውም ጥቁር ሆነ።

መጽሐፍና ድምፅ በሐዘንም ተገናኝተዋል። በጃንዋሪ 18 ቀን 1981 ኒው ክሮስ ውስጥ የልደት ድግስ ላይ በተነሣ እሳት 13 ወጣቶች አለቁ። ፖሊሱም ጋዜጣውም ነገሩን አቃለሉት። የተቋቋመውን የትግል ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመሩት የስትራውድ ግሪን ሮዱ መጽሐፍ ሻጭ ላ ሮዝ ነበሩ፤ በማርች 2 ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ለንደንን አቋርጦ ተጓዘ። ሊንተን በበኩሉ በግጥም ጻፈው። በዓመቱ በ1982 ኒው ቢከን ከሁለት መሰል ድርጅቶች ጋር ሆኖ የጥቁሮችና የሦስተኛው ዓለም መጻሕፍት ትርዒት በኢዝሊንግተን ማዘጋጃ አዳራሽ አዘጋጀ፤ የከፈቱት ያው የ1935ቱ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲ ኤል አር ጄምስ ናቸው። ትርዒቱ እስከ 1995 ዘለቀ።

ሰቨን ሲስተርስ ሮድ ላይ፣ ከፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ ሁለት እርምጃ፣ ዛሬ የብራዚል ጴንጤዎች የሚያመልኩበት ግዙፍ ሕንፃ ቆሟል። በ1930 አስቶሪያ ተብሎ የተከፈተ ሲኒማ ቤት ነው። በማርች 1967 ጂሚ ሄንድሪክስ ጊታሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በእሳት ያያያዘው እዚህ መድረክ ላይ ነው። በ1971 ስሙ ሬይንቦ ሆነ። በጁን 1977 መጀመሪያ፣ ኪንግስተን ውስጥ ከተተኮሰበት ጥይት ተርፎ ለንደን የተሸሸገው ቦብ ማርሊ ከዌይለርስ ጋር አራት ሌሊት ዘፈነበት።

በዚያ መድረክ ከዘፈናቸው አንዱ ቃሉ የቦብ አይደለም። ጃንሆይ በኦክቶበር 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት በአማርኛ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። ይህን ደጋግሜ ሳስበው ይገርመኛል። ጊዜው 1977 ነው፤ በእኛ 1969 ዓ.ም.። ንጉሡ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ አስከሬናቸው የት እንዳለ ሕዝቡ አያውቅም። አዲስ አበባ ላይ ስማቸውን በበጎ ያነሣ ሰው መዘዙን ያውቃል፤ ጎዳናው ደም በደም ነው። በዚያው ሳምንት ፊንስበሪ ፓርክ ውስጥ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ ወደ ኢትዮጵያ ቀርበው የማያውቁ ወጣቶች የንጉሡን ንግግር ባስ ተቀብሎት እየዘለሉ ይሰማሉ። ዜማ ይኑረው እንጂ ቃሉ ግጥም አይደለም፤ ቤት አይመታም። ንግግር ነው፤ ምት ላይ የተቀመጠ ንግግር። ራፕ ገና ሸክላ ላይ ሳይወጣ።

ራፕ በዚያን ጊዜ ተወልዶ ነበር፤ በሕዝብ ዘንድ ሳይታወቅ። ልደቱ የሚቆጠረው ከኦገስት 11 ቀን 1973 ነው፤ በኒው ዮርክ ብሮንክስ 1520 ሴጅዊክ አቨኑ፣ አንዲት ልጅ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ብላ ባዘጋጀችው ድግስ። ሸክላውን ያጫወተው ወንድሟ ክላይቭ ካምቤል፣ በዲጄ ስሙ ኩል ኸርክ፣ በ1967 ከኪንግስተን የመጣ ስደተኛ ነው። ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው። ጨፋሪው የሚነሣው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርባት ጥቂት ሰኮንድ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሸክላ ሁለት ቅጂ ይዞ በሁለት ማጫወቻ ላይ አስቀመጠ፤ አንዱ ከበሮውን ሲጨርስ ሁለተኛውን ከዚያችው ቦታ ያስነሣል፣ እስከዚያ የፊተኛውን ወደ ኋላ ይመልሳል። ጥቂቷ ሰኮንድ አምስት ደቂቃ ሆነች። ይህን ለማድረግ ሰውየው ሺህ ሸክላ ማወቅ፣ የትኛው የት ቦታ ላይ ምን እንደያዘ በጣቱ ማስታወስ አለበት። የመጽሐፍ ቤት ሠራተኛ የሚያደርገውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ኸርክ ከኪንግስተን ይዞት የመጣው ሳውንድ ሲስተም የሚባለው፣ ሸክላን በትልልቅ ድምፅ ማጉያ ለጭፈራ የማጫወት ልማድ በ1950ዎቹ በመርከብ ለንደንም ገብቶ ስለነበር፣ ሂፕ ሆፕ ከአሜሪካ ሲደርስ ያገኘው የተለሰለሰ መሬት ነው። በ1985 ያለ ፈቃድ የተነሣው የኪስ ኤፍኤም ሬዲዮ ሕጋዊ ሆኖ በሴፕቴምበር 1990 ሲጀምር ቤቱን ያደረገው እዚሁ አጠገብ ሆሎዌይ ሮድ ላይ ነው። ከዚያ ግራይም የሚባለው የለንደን ራፕ መጣ፤ ቶተንሃም ስኬፕታን አወጣ። ኢዝሊንግተን ደግሞ ሊትል ሲምዝን። ሰፈሯ በሚገኘው የሴንት ሜሪ የወጣቶች ማዕከል መድረክ ያደገችው ይህች የናይጄሪያውያን ልጅ በ2022 የመርኩሪን የሙዚቃ ሽልማት ወሰደች። የካምደኑ ራፐር አካላ ደግሞ በ2018 ባሳተመው መጽሐፉ ያሳደገውን የቅዳሜ የአፍሪካውያን ትምህርት ቤት በፍቅር ያነሣል። ላ ሮዝ ሳሎናቸው ውስጥ የዘሩት ዓይነት ዘር ነው።

ፓርኩ ራሱ፣ በ1869 የተከፈተው፣ ከ2014 ወዲህ የዋየርለስ የሙዚቃ ፌስቲቫል ሜዳ ሆኗል፤ በጁላይ 2025 ድሬክ ሦስት ሌሊት ተከታትሎ ዘፍኖበታል። ነዋሪዎች ግን አጥሩ ሣራችንን ነጠቀን ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግተዋል፤ በ2018 ደግሞ ዘፋኞቹ እንዳይሳደቡ ይጠየቁ የሚል ቅድመ ሁኔታ ለፈቃዱ ተጨመረለት። አዝማሪን ተቀበል ብሎ ስድቡን ከልክል እንደማለት ነው።

በየኦክቶበሩ የሚከበረው የጥቁሮች ታሪክ ወር ብሪታንያ ውስጥ የተጀመረው በ1987 ነው። አሜሪካዊው ካርተር ዉድሰን በ1926 በሳምንት የጀመሩትን የለንደኑ ጋናዊ አክያባ አዳይ ሴቦ በወር አመጣው። ምክንያቱን ሲናገር፣ ስሙን ከማርከስ ጋርቬይ የወሰደ የሥራ ባልደረባው ልጅ እናቱን “ለምን ነጭ አልሆንም?” ብሎ መጠየቁን ያነሣል። ኦክቶበር የተመረጠው የትምህርት ዓመት መጀመሪያ ስለሆነ ነው፤ ልክ እንደ መስከረማችን፣ ልጅ አዲስ ደብተር በያዘበት ሰሞን።

በብላክስቶክ ሮድ፣ በአልጄሪያ ቡና ቤቶች መካከል ያለው የኤን 4 ቤተ መጻሕፍትም፣ ከ1901 ጀምሮ ያለው የስትራውድ ግሪንና ሃሪንጌ ቤተ መጻሕፍትም የዚህ ሰፈር ናቸው። አንድ ኦክቶበር፣ የትኛውም እንደሆነ ባልናገረው ቤተ መጻሕፍት፣ የተሰቀለውን ሥዕል ቆጠርኩ፤ ማንዴላ፣ ሮዛ ፓርክስ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ። ሦስቱም የተከበሩ፣ ሦስቱም ከሩቅ። መደብራቸው በእግር የሚደረስበት የላ ሮዝ ፎቶ የለም። ኒው ቢከን ከአንድም ሁለቴ ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ በአንባቢዎች መዋጮ የተረፈው ምናልባት ይህ በገባቸው ሰዎች ምክንያት ነው።

ትልልቆቹ ቤቶች ዘግይተውም ቢሆን ነቅተዋል። በጁላይ 2023 የብሩክሊን ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለ ጄይ ዚ ትርዒት ሲከፍት የአልበሞቹን ሽፋን የለበሱ 13 ዓይነት የአባልነት ካርዶች አወጣ፤ ሰው ለካርዱ ተሰለፈ። በ2024 የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የ500 ዓመት የጥቁር ብሪታንያውያን ሙዚቃ ትርዒት አሳየ፤ ከቱዶር ነገሥታት ጥቁር መለከት ነፊ ከጆን ብላንክ እስከ ግራይም። ከፊንስበሪ ፓርክ በቪክቶሪያ መስመር ሁለተኛው ጣቢያ ኪንግስ ክሮስ ላይ ወርዶ በእግር የሚገባበት ነው። ያ ሕንፃ በ1868 ከመቅደላ ተጭነው የሄዱ ብራናዎቻችን የሚኖሩበትም ነው። አንዱ ፎቅ ሞንታርቦ ሲያንቀጠቅጠው ሌላው ክፍል ተአምረ ማርያም ተኝቶ ነበር።

ቦብ በሬይንቦ ከዘፈነ በዓመቱ ዴሚያን የተባለ ልጅ ወለደ። ዴሚያን በ2010 ከራፐሩ ናስ ጋር አልበም ሲያወጣ፣ የመክፈቻውን ዘፈን የሠሩት ሙላቱ አስታጥቄ “የግሌ ትዝታ” ብሎ ከሠራው ሙዚቃ ቆርጠው ነው። ሙላቱ ደግሞ ሙዚቃ ከተማረባቸው ከተሞች አንዷ ለንደን ነች። ይህን ሸክላ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቢቀበል የት ያስቀምጠዋል? ሬጌ? ሂፕ ሆፕ? ኢትዮጵያ? እኔ ብሆን ሦስት ቅጂ እገዛለሁ፤ አንዱን ኒው ቢከን ላይኛው ፎቅ፣ ከፓድሞር ተቋም ሰነዶች አጠገብ።