የቆዳ ሐኪም ከየት መጣ? ከዘነበወርቅ እስከ መንጌ

አንድ ወጣት ሐኪም «የቆዳ ስፔሻሊስት እሆናለሁ» ሲል ጓደኞቹ ፈገግ ይላሉ። የሌሊት ጥሪ አይበዛበትም፣ ቦሌ ላይ ክሊኒክ ከፍቶ ብጉርና ማድያት ማከም ነው ይባላል። ሐሜቱ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ሙያው ግን እዚህ አገር የተወለደው ቦሌ አይደለም፤ ከተማው ሊያያቸው ባልፈለጋቸው ሰዎች መካከል፣ ዘነበወርቅ ነው።

የታክሲ ረዳቶች በየቀኑ የሚጠሩት ይህ ስም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስማቸው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተቋቋመ፤ ቦታው ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕሙማን ታክመውም አገራቸው የሚቀበላቸው ስላልነበረ ብዙዎቹ እዚያው ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ። አዲስ አበባ ቆይታ ቆሻሻዋንም እዚያው አካባቢ፣ ቆሼ ደፋች።

እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ ግቢ አለርት ተመሠረተ። ሥራው ማከም ብቻ ሳይሆን ለአፍሪካ ባለሙያዎችን ማሠልጠንም ነበር። ከጀርባው ከነበሩት አንዱ ሕንድ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። ብራንድ ያሳየው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ጣት የሚጠፋው በሽታው ስለሚበላው ሳይሆን ነርቭ ሞቶ ሕመም ስለማይሰማ ነው። ሰውየው የጋለ ድስት ይይዛል፣ እሾህ ይረግጣል፣ አያውቅም። ስለዚህ ጫማ ሰፊውም እንደ ሐኪሙ የሕክምናው አካል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አጠገቡ ተተከለ፤ ስሙ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ያገኘው የኖርዌዩ ሐኪም ነው።

ሥጋ ደዌን ለመለየት ሌላውን የቆዳ በሽታ ሁሉ ማወቅ ግድ ነው። የአማርኛችንን ግራ መጋባት ተመልከቱ፦ «ለምጽ» የምንለው አንዳንዴ ከማንም የማይተላለፈውን የቆዳ መንጣት፣ አንዳንዴ ደግሞ በጥንቱ አነጋገር ሥጋ ደዌን ነው። በዚህች ቃል ምክንያት ስንት ሰው ያለ በሽታው ተገልሏል! ሐኪም ግን በጥጥ ጫፍ ይነካዋል። የነጣው ቦታ ከተሰማው ለምጽ ሊሆን ይችላል፤ ካልተሰማው ሥጋ ደዌ ይጠረጠራል። ፈረንጅ አገር የተጻፉ መጻሕፍት «ቀላ ያለ ሽፍታ» የሚሉት ጥቁር ቆዳ ላይ ቀልቶ ላይታይ ይችላል፤ ይህን የሚያስተምረው ታካሚው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን መከረ። ዕድሜ ልክ ይወሰድ የነበረው ሕክምና በወራት የሚያልቅ ሆነ። እነ ቦሩ ሜዳ፣ ሻሸመኔ፣ ቢሲዲሞ በሥጋ ደዌ ተጀምረው ለሁሉም በሽተኛ የሚያገለግሉ ሆስፒታሎች ሆኑ። በዚህ አገር የቆዳ ሕክምና ካርታ በብዛት የቀድሞው የሥጋ ደዌ ካርታ ነው።

ከዚያ ካርታ የሚርቅ ሰውስ? መንጌ ከአሶሳ በስተሰሜን ናት፤ ወረዳዋ እስከ ዓባይ ትዘልቃለች። ቤንሻንጉል ጉሙዝ ኦንኮሰርሲያሲስ ካለባቸው ክልሎች አንዱ ነው። በፈጣን ወንዝ ዳር የምትራባው ጥቁር ዝንብ ስትነክስ ትሉን ታስገባለች፤ እጮቹ ቆዳ ውስጥ ሲሞቱ የሚያመጡት ማሳከክ እንቅልፍ ይነሣል፣ ቅልጥም ይነጣና እንደ ነብር ቆዳ ይዥጎረጎራል። ሌላ አገር በዓይነ ስውርነት የሚታወቀው ይህ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ይበልጡን የቆዳ በሽታ ነው። መርክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን እጮቹን ይገድላል፤ እናት ትሏን ግን አይገድልም። ስለዚህ ለዓመታት እየደጋገሙ መዋጥ ነው። ክኒኑን በቁመት ለክቶ ማደል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይችላል። ያ የነጣ ቅልጥም ለምጽ ይሁን፣ ሥጋ ደዌ ይሁን፣ የትሉ ጠባሳ መለየት ግን የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል፤ ከአሶሳ አዲስ አበባ ደግሞ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ወጣቱ ሐኪም ቦሌን ቢመርጥ መውቀስ ቀላል ነው፤ ቤት ኪራይ አለበት፣ ልጆች አሉት። የሚበጀው ሥልጠናውን ማዘዋወር ነው። አለርትን የመሠረቱት ተማሪውን ያስተማሩት በሽተኛው ካለበት ነበር። የዛሬው ሬዚደንትም ከሥልጠናው ጥቂት ወራት አሶሳ ቢቀመጥ፣ ለመንጌ ጤና ጣቢያ ነርሶች ያችን የጥጥ ምርመራ ቢያሳይ፣ የሚጠይቀው የአውቶቡስ ትኬት፣ ማደሪያና ጥጥ ነው።