ከአንታርክቲካ የወጡት የመጨረሻዎቹ ውሾች

የካቲት 15 ቀን 1986 ዓ.ም. በአንታርክቲካ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ጋሪ ጎታች ውሾች ሮተራ ከተባለው የእንግሊዞች የምርምር ጣቢያ በአውሮፕላን ተጭነው ወጡ። ማድሪድ ላይ የተፈረመው የአካባቢ ጥበቃ ፕሮቶኮል፣ ውሾች ሁሉ እስከ መጋቢት 23 ድረስ አህጉሩን ለቀው እንዲወጡ ያዝዝ ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የውሾቹ ታሪክ ብዙ ተጽፎለታል። ቦርችግሬቪንክ በ1899 ኬፕ አዴር ላይ አወረዳቸው። አሙንድሰን በዲሴምበር 1911 ከሁሉ ቀድሞ ደቡብ ዋልታን የረገጠው በእነሱ ጉልበት ነው፤ ይዟቸው ከተነሣው 52 ውሾች መካከል የተመለሱት 11 ብቻ ናቸው፤ ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ተገድለው ለሰውም ለተቀሩት ውሾችም ስንቅ ሆነዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች፣ አርጀንቲናውያንና አውስትራሊያውያን በየጣቢያቸው ውሻ ሲያረቡ ቆዩ። ውሾቹን የሚቀልቧቸው በአብዛኛው አቆስጣ እያደኑ ነበር።

የውሾቹ ጥፋት ይሆን ወይ እየተባለ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ግን በ1955 በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር፣ ከሆፕ ቤይ ጣቢያ በስተደቡብ በሚገኘው የፕሪንስ ጉስታቭ ሰርጥ የደረሰው እልቂት ነው። ክራብኢተር የሚባሉ 3,000 ያህል አቆስጣዎች ባሕሩ ረግቶባቸው፣ መውጫ አጥተው በየስንጥቁ ዳር ተፋፍገው ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ አለቁ። ይህን አይተው የመዘገቡት ሰዎች ወሬ አናፋሾች አልነበሩም። በ1957 የእልቂቱን ዘገባ ከባሕር እንስሳት ተመራማሪው ሪቻርድ ሎውዝ ጋር ያሳተመው ቴይለር የተባለ ተመራማሪ ሆፕ ቤይ የሄደው የውሾቹን የሰውነት አሠራርና የመጎተት አቅም ሊያጠና ነው። ውሻ ወዳጁና ሥራው የሆነ ሰው ነው እንግዲህ የአቆስጣዎቹን ሞት የመዘገበው። ሁለቱም የጠረጠሩት ተላላፊ፣ ምናልባትም ቫይረስ ወለድ በሽታን ነበር።

ጥርጣሬው ለሠላሳ ዓመታት ያህል ተዳፍኖ ቆየ። በ1988 በሰሜን ባሕር ዲስቴምፐር ከተባለው የውሻ በሽታ ቫይረስ ጋር የሚዛመድ ቫይረስ ከ17,000 የሚበልጡ አቆስጣዎችን ፈጀ። በባይካል ሐይቅ የአቆስጣዎች እልቂት ደግሞ ተጠያቂው ራሱ የውሻ ዲስቴምፐር ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎች ወዲያው የአንታርክቲካ አቆስጣዎችን ደም መረመሩ፤ የውሻ ዲስቴምፐርን የሚከላከል አንቲቦዲም አገኙ። የ1955ቱ ነገር እንደገና የተነሣው ያን ጊዜ ነው።

ጋሪ ነጂዎቹ ይህን አልተቀበሉም። አንድም የአንታርክቲካ ውሻ ለአንድም አቆስጣ በሽታ ማስተላለፉ አልተረጋገጠም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የተከተቡ ውሾችን ማባረር ለምን አስፈለገ ሲሉም ጠየቁ። ሐዘናቸው ይገባኛል፤ ከእነዚያ እንስሳት ጋር ክረምቱን በድንኳን ያሳለፉ፣ በጭጋግ ውስጥ ሕይወታቸውን ለመሪው ውሻ አደራ የሰጡ ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1964 የጸደቁት የአንታርክቲካ እንስሳትና ዕፅዋት ጥበቃ ደንቦች ራሳቸው ወደዚያ የሚገባ ውሻ ሁሉ ዲስቴምፐርን ጨምሮ በአራት በሽታዎች ላይ እንዲከተብ ያስገድዱ ነበር። ስለዚህ ሥጋቱ በ1991 ማድሪድ ላይ የተፈጠረ ሰበብ አይደለም። እዚያ ታይቶ የማያውቅ በሽታ አንድ ጊዜ ከገባ ማንም ሐኪም አያወጣውም። በ1955 የሞቱትን የገደለው ዲስቴምፐር ባይሆን እንኳ፣ በበረዶ ላይ የተፋፈጉ አቆስጣዎች በሽታ ሲገባባቸው ምን እንደሚደርስባቸው ቴይለርና ሎውዝ አሳይተውናል።

ፕሮቶኮሉ በኦክቶበር 4 ቀን 1991 ተፈረመ። የውሾቹ ጉዳይ የተካተተው በሁለተኛው አባሪ ሲሆን፣ ከሌሎቹ የድርድር ጉዳዮች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር፤ ትልቁ ክርክር የማዕድን ማውጣት እገዳው ነበር። የአውስትራሊያ ውሾች ከሞሰን ጣቢያ ቀድመው ወጡ፤ አብዛኞቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ ለበረዶ ጉዞ ትምህርት ቤት ተሰጡ። የአርጀንቲና የዋልታ ውሻ ዝርያ ግን ከዚያ በኋላ አልተረፈም። ከሮተራ የወጡትን እንግሊዞቹ በሰሜን ካናዳ ኢኑክጁዋክ ለሚኖሩ የኢኑይት ሰዎች አስረከቧቸው፤ የውሻ በሽታዎች ብዙም ከሌሉበት አህጉር የመጡ ስለነበሩ ብዙዎቹ ሳይሰነብቱ ሞቱ።

የማድሪዱ ሰነድ በተፈረመበት ወቅት፣ በ1991 እና 1992፣ በእኛው በባሌ ተራሮች የእረኞች ውሾች ያመጡት የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ የሚኖሩትን ቀይ ቀበሮዎች እየጨረሰ ነበር። በ2010 ደግሞ ተራው የዲስቴምፐር ሆነ። ቀይ ቀበሮ በምድር ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ ቁጥሩም 500 አይሞላም። በባሌ ካለው የሳነቴ አምባ ውሻን ማስወጣት አይቻልም፤ እረኛው ጅብን የሚመክተው በውሻው ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች በየመንደሩ እየዞሩ ውሾቹን ይከትባሉ፤ ከ2018 ጀምሮም ለቀበሮዎቹ የእብድ ውሻ ክትባት በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ይበተንላቸዋል።