የአልፓካ ጨርቅ፣ ከሶልት ፋብሪካ (ሶልቴር፣ እንግሊዝ)
ድሩ ጥጥ ነው፤ ማጉ ከፔሩ በመርከብ የመጣ የአልፓካ ጸጉር። ሐር ያስመሰለው የጸጉሩ ርዝመትና ልስላሴ ነው። ሌሎች ነጋዴዎች ለመፍተል ያስቸግራል ብለው የናቁትን ጸጉር ይዞ የከበረው ታይተስ ሶልት፣ በብራድፎርድ አቅራቢያ በኤር ወንዝ ዳር የተከለውን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1853፣ 50 ዓመት በሞላው ዕለት መርቆ ከፈተ። የሽመና ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ከወለሉ በታች የተቀበረው ጩኸቱንና አደጋውን ለመቀነስ ነበር። ለሠራተኞቹ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሠርቷል፤ በዚሁ በሶልቴር መንደር መጠጥ ቤት ግን አልፈቀደም። ቸር ነበር፤ መቆጣጠርም ይወድ ነበር። ፋብሪካው በ1986 ተዘጋ። በዓመቱ ጆናታን ሲልቨር የተባለ ነጋዴ ገዛውና በብራድፎርድ የተወለደውን የሠዓሊውን የዴቪድ ሆክኒን ሥራዎች ሰቀለበት። መንደሩ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።