የውሻ አፍ ማሰሪያ ታሪክና የዳር ከተሞቻችን ጥያቄ



ስለ ውሻ አፍ ማሰሪያ መናገር ለታሪክ መምህር ያነሰ ርዕስ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሚኖር ሰው ማለዳ ታክሲ ፍለጋ ሲወጣ አስቀድሞ የሚፈራው ውሻን እንደሆነ ያውቃል።

የእብድ ውሻ በሽታ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድርና በወሎ፣ በ1903 ደግሞ በአዲስ አበባ ወረርሽኝ መነሣቱ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሥራም የዚሁ በሽታ ክትባት ነበረበት። ከበግ አንጎል የተዘጋጀው ክትባት ለተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ ይወጋ እንደነበር በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ።

እንግሊዝ በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ያዘች። እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ የግብርና ቦርድ ፕሬዚዳንት ዋልተር ሎንግ፣ በሽታው በታየባቸው አውራጃዎች አፉ ያልታሰረ ውሻ መንገድ ላይ እንዳይገኝ አዘዙ። ባለቤቶች አምርረው ተቃወሙ፤ ትእዛዙ ግን ጸና። በ1902 ሀገሪቱ ከበሽታው ነጻ ወጣች።

ታዲያ እኛስ ለምን እንዲሁ አናዝዝም? የእንግሊዝ ትእዛዝ ብቻውን አልቆመም። ፖሊስ ባዘኑ ውሾችን ይይዛል፤ ከውጭ የሚገባ ውሻ ተለይቶ ይቆያል፤ ሀገሪቱም ደሴት ናት። በእኛ ዳር ከተሞች ግን ብዙው ውሻ ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ሌሊት ይፈታል። አፉ ታስሮ የሚዞር ውሻ ውኃ መጠጣት ይቸግረዋል፤ ጅብ ቢመጣበትም ራሱን አይከላከልም። ስለዚህ በሽታውን የሚገታው ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶው እንዲከተቡ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

እንዲህ ከሆነ የአፍ ማሰሪያ ለምን ያስፈልጋል? መልሱን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው። ቡራዩ ሳለሁ ለዓመታት በሰንሰለት ያኖርሁት ውሻ ነበረኝ። ሰው ሲቀርበው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ግን ቁጣ መሰለኝ። ክትባት በተሰጠበት ቀን አፉን በገመድ ጠፍሬ ጎተትሁት። ማለክለክ አቅቶት ተዝለፈለፈ፤ ገመዱን ስፈታለት የጎረቤቴን ልጅ እጅ ነከሰ። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥበን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። ልጁ ክትባቱን ጨርሶ ዳነ። ውሻዬ ግን ሳይከተብ ተመለሰ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። ከክትባት የሚቀረው ማንም ሊይዘው የማይደፍረው ፈሪ ውሻ ነው። ትክክለኛ የአፍ ማሰሪያ ለእርሱ ቅጣት ሳይሆን ወደ ክትባት የሚያደርሰው መንገድ ነው። ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ስለሆነ፣ ማሰሪያው አፉን እንዲከፍትና ውኃ እንዲጠጣ የሚያስችል ቅርጫት መሰል መሆን አለበት። አስቀድሞም ምግብ በውስጡ እየተሰጠው ለቀናት መለማመድ ይገባዋል። ለአጭር ጊዜ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይደረግለታል፤ ከዚያም ይወልቃል። በማሰሪያ የታፈነ ፍርሃት ግን አይድንም፤ ሰንሰለቱ ካልረዘመና አያያዙ ካልለዘበ ሌላ ቀን ይመለሳል።

የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው በሰበታ ነው፤ ዕውቀቱ ከደጃችን አልራቀም። ከታሪክ የምንማረው ትእዛዙን መቅዳት አይደለም፤ ትእዛዙ የሠራበትን ምክንያት መመርመር ነው። ከዚህ ስትወጡ በግቢያችሁ የታሰረውን ውሻ ተመልከቱና አንድ ነገር ጠይቁ፦ ተከትቧልን? ካልተከተበ፣ ያስቀረው የእርሱ ክፋት ነው ወይስ የእኛ አያያዝ?