የምርምር ድጎማና የተማሪው ደመወዝ

ከምርምር ድጎማ የሚከፈለው ተማሪ ሠራተኛ ነውን? እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ምርምር ረዳቶች በማኅበር ለመደራጀት በጠየቁ ጊዜ፣ የአገሪቱ ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ አይደሉም ሲል ወሰነ። በቦርዱ አመለካከት እነርሱ በዋነኛነት ተማሪዎች ነበሩ፤ የሚከፈላቸውም ገንዘብ ለትምህርታቸው የሚሰጥ ድጋፍ እንጂ የሥራ ዋጋ አልነበረም።

ይህ መከራከሪያ ለእኔ ደካማ ነው። ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚያካሂደው ሙከራ፣ ፕሮፌሰሩ ለድጎማ ሰጪው ቃል የገቡት ሙከራ ራሱ ሊሆን ይችላል። መማሩ ሥራውን አያስቀረውም፤ ያም ውጤት ቀጣዩን ድጎማ ያስገኛል።

ቦርዱ የ1974ቱን አቋሙን የሻረው በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው፤ አንድ ሰው ተማሪም ሠራተኛም ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ። በመካከሉ 42 ዓመታት አለፉ። የስታንፎርዶቹ ጠያቂዎች ያን ጊዜ ለጡረታ ሳይደርሱ አልቀሩም።