የሐርጌሳ ካሴትና ነፃው መጽሐፍ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የሐርጌሳን ነገር ላውጋችሁ። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1979 ነው፤ ሶማሊያን የሚገዛት ዚያድ ባሬ ነው። ሕዝቡ ጋሪዬ እያለ የሚጠራው የሐርጌሳ ገጣሚ ጎሰኝነትን የሚያወግዝ ግጥም አወጣ። ገጣሚው ሀድራዊ ተቀበለው፤ ሌላው ቀጠለ፤ ሌላውም እንዲሁ። ሁሉም በየስንኙ በ«ደ» የሚጀምር ቃል እያስገቡ ተቀባበሉ። ያ የግጥም ቅብብል «ዴሌይ» ይባላል።

እንዴት ተሰራጨ? በካሴት! አንዱ ይቀዳል፣ ጎረቤቱ ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ እሱም ቀድቶ ለዘመዱ ይልካል። ቅጂውን የሚቆጥር፣ ለገጣሚው ድርሻ የሚያሰላ የለም። ግን ስሙኝ፤ የቀዳው ሰው ካሴት ገዝቷል፤ ቴፑ አጠገብ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አድምጧል። ፈልጎ ነው የወሰደው። ሀድራዊ በ2022 ሐርጌሳ ውስጥ ሲያርፍ ሶማሊኛ ተናጋሪው በያለበት ያዘነለት በከንቱ አይደለም። ዛሬም የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶችን ጠብቆ ይዟል።

አሁን ወደ ዘመናችን ደራሲ እንምጣ። አማዞን በ90 ቀን ውል ውስጥ መጽሐፍህን ለ5 ቀን በነፃ ስጥ ይለዋል፤ በምላሹ ዲጂታል ቅጂውን ሌላ ቦታ እንዳይሸጥ ያስረዋል። ደራሲው ይሰጣል፤ የወረደው ቁጥር ሲያሻቅብ ደስ ይለዋል። አንባቢው ግን ጣቱን አንዴ ከማሳረፍ በቀር ምን ከፈለ? መጽሐፉ ሳይገለጥ ስልኩ ውስጥ ይቀራል። ደግሞ ነፃው ከሚሸጠው ተለይቶ በራሱ የደረጃ ዝርዝር ስለሚመደብ፣ አምስቱ ቀን ሲያልቅ ያ ደረጃ አብሮ ያልቃል። አንድ መጽሐፍ ብቻ ላለው ሰው ይህ ኪሳራ ነው፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። አንባቢው ቢወደው እንኳ ቀጥሎ ምን ይግዛ?

ሐርጌሳ የሚጽፍ ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው። ከ2008 ጀምሮ የሐርጌሳ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ አውደ ርዕይ አንባቢን ከደራሲ ፊት ለፊት ያገናኛል። ከ2009 ወዲህ ደግሞ የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም ያመጣው ዛድ የተባለ የስልክ ክፍያ አለ፤ ባለሱቁ ቁጥሩን ደጁ ላይ ጽፎ ይለጥፋል፣ ገዢው በስልኩ ይከፍላል፣ አበቃ። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ቅጽ ብቻ፣ ሁለተኛው ታትሞ ከተዘጋጀ በኋላ፣ በአውደ ርዕዩ ሰሞን በነፃ እለቀው ነበር፤ በመጨረሻው ገጽ ላይም የዛድ ቁጥሬንና የሁለተኛውን ቅጽ ዋጋ አስቀምጥ ነበር።