ከዓሣ ማከማቻ ቤት የወጣ ቴአትር

ስለ ቴአትር ታሪክ ስንጽፍም ሆነ ስንወያይ፣ ዓይናችን ፈጥኖ የሚያርፈው በታላላቅ አዳራሾች፣ በስመ ጥር ተዋንያንና ብዙ ገንዘብ በፈሰሰባቸው ዝግጅቶች ላይ ነው። ይህ ብዙ የሚያስወቅስ አይደለም፤ መዝገብ የሚይዙት፣ ማስታወቂያ የሚለጥፉትና ለታሪክ ጸሐፊ ወረቀት የሚተዉት እነዚህ ናቸውና። ይሁን እንጂ ሙያችን ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ላቆሟቸው ትናንሽ መድረኮችም ባለዕዳ ነው። ዕዳው ግን እምብዛም አይነሣም።

ለዚህ አባባል ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ በኬፕ ኮድ ልሳነ ምድር ጫፍ ላይ በምትገኘው ፕሮቪንስታውን በተባለች የባሕር ዳር ከተማ በ1915 እና በ1916 የበጋ ወራት የተፈጸመው ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጽሑፉ ዓላማ የአንድን ቡድን ዝና ለማወደስ ብቻ አይደለም። ሁለት ጥያቄዎችን ለባልደረቦቻችን ለማቅረብ ነው። የማይከፈላቸው ሰዎች ያደረጉትን፣ የሚከፈላቸው ለምን ማድረግ ተሳናቸው? ድሉ በመጣ ጊዜስ ቤቱ ለምን ፈረሰ?

ከተማዋና የበጋ እንግዶቿ

ፕሮቪንስታውን የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበረች። በ1620 በሜይፍላወር መርከብ ከእንግሊዝ አገር የተነሡት ስደተኞች፣ ፕሊመዝ ከመድረሳቸው በፊት መልሕቃቸውን የጣሉት በዚህችው ወደብ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የዓሣ ነባሪና የኮድ ዓሣ ንግድ አበለጸጋት፤ ከአዞር ደሴቶች የመጡ ፖርቱጋላውያን መርከበኞችም ቤተሰብ መሥርተው ተቀመጡባት። በ1898 የተነሣው ብርቱ ማዕበል ግን ብዙዎቹን የጀልባ ማቆሚያዎች አወደመ፤ የዓሣውም ሥራ እየቀዘቀዘ ሄደ። በ1899 ቻርልስ ሆቶርን የተባለው ሠዓሊ የሥዕል ትምህርት ቤት ከከፈተባት ወዲህ፣ መጀመሪያ ሠዓሊዎች፣ ቀጥሎም የኒው ዮርክ ደራስያንና ጋዜጠኞች በጋውን ሊያሳልፉባት ይመጡ ጀመር።

እዚህ ላይ ሳይሸፋፈን መነገር ያለበት ነገር አለ። ቴአትሩን የመሠረቱት ዓሣ አጥማጆቹ ሳይሆኑ እነዚሁ የበጋ እንግዶች ናቸው። በብዕራቸውና በሌላ ሥራቸው የሚተዳደሩ ስለ ነበሩ፣ ከመድረክ እንጀራ ሳይጠብቁ መሥራት ይችሉ ነበር። በነፃ መሥራት ራሱ አቅም የሚጠይቅ ነገር መሆኑን የበጎ ፈቃድ ቴአትርን የሚያወድስ ሁሉ ማስታወስ ይገባዋል።

በረንዳ ላይ የተጀመረ ሥራ

ከቡድኑ ዋነኛ የሆነው ጆርጅ ክራም ኩክ በአዮዋ የተወለደ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረና የጥንት ግሪኮች ፍቅር ያደረበት ሰው ነበር። የአቴና ድራማ ከማኅበረሰቡ ሕይወት እንደ ፈለቀ ሁሉ፣ በአሜሪካም እንዲሁ ሊፈልቅ ይገባል ብሎ ያምን ነበር። በዚያን ጊዜ የብሮድዌይ ቴአትር በነጋዴዎች እጅ ነበር፤ የሚመረጠውም ተውኔት ገበያ እንደሚያገኝ አስቀድሞ የታመነበት ነው። ኩክና ባለቤቱ ሱዛን ግላስፔል፣ በጊዜው ፋሽን የሆነውን የፍሮይድን ትምህርት የሚያሾፍ አጭር ኮሜዲ ጽፈው በኒው ዮርክ ለነበረ ትንሽ ቴአትር ቢያቀርቡ እንኳ ተቀባይነት አላገኙም።

ስለዚህ ራሳቸው ሊሠሩት ወሰኑ። ጁላይ 15 ቀን 1915 ማታ ኒዝ ቦይስና ሃቺንስ ሃፕጉድ በተከራዩት ቤት ወዳጆቻቸው ተሰበሰቡ። መድረኩን ያዘጋጀው በኋላ በአሜሪካ የመድረክ ንድፍ ስመ ጥር የሆነው ሮበርት ኤድመንድ ጆንስ ነበር። የመጀመሪያው የቦይስ ተውኔት ባሕሩን ከበስተኋላው አድርጎ በረንዳው ላይ ታየ። ከዚያም ተመልካቾቹ ወንበራቸውን አዙረው፣ ሁለተኛውን የኩክንና የግላስፔልን ኮሜዲ በቤቱ ውስጥ ተመለከቱ። የትዕይንት ለውጡ የተመልካች መዞር ብቻ ነበር።

የዓሣው ቤት

በዚያው በጋ ጸሐፊዋ ሜሪ ሂተን ቮርስ ሉዊስ ወርፍ በተባለው የጀልባ ማቆሚያ ላይ የነበራትን አሮጌ የዓሣ ማከማቻ ቤት ለቡድኑ ሰጠች። ማቆሚያው በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆሞ ወደ ባሕሩ የገባ ነው። አባላቱ ጀልባና መረብ አውጥተው፣ ጠርገው፣ ከኪሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ቴአትር አደረጉት። ስፋቱ በየጎኑ 25 ጫማ ያህል ብቻ ነበር። መድረኩ ተነቃቃይ ሲሆን፣ ከበስተጀርባው ያለው ተንሸራታች በር ሲከፈት ባሕሩ ራሱ ትዕይንት ይሆናል። ለመቀመጫ ሳንቃ ተደረደረ። በመጀመሪያው ዓመት መብራቱ አራት ሰዎች በመድረኩ ጎንና ጎን ቆመው በእጃቸው የሚይዙት ፋኖስ ነበር፤ በየአጠገባቸውም እሳት ቢነሣ የሚያጠፉ ሌሎች አራት ሰዎች አካፋና አሸዋ ይዘው ይቆሙ ነበር።

ይህን ድህነት ማሞገስ አይገባም። ፋኖስ ከኤሌክትሪክ አይሻልም፤ እነሱም እንደ ቻሉ ኤሌክትሪክ አስገብተዋል። ሊታወስ የሚገባው ሌላ ነው፦ ፋኖስ የሚይዘው ሰው ደራሲ ነበር፤ ሳንቃ የሚቸነክረውም በማግስቱ ተዋናይ ይሆናል። ተውኔቱን የጻፈው ሰው መድረኩ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በእጁ ያውቀው ነበር።

በጭጋግ ውስጥ የታየ ተውኔት

በ1916 በጋ ዩጂን ኦኒል የተባለ የ27 ዓመት ወጣት ወደ ከተማዋ መጣ። አባቱ ጄምስ ኦኒል «የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት» በተባለው ተውኔት የመሪነቱን ቦታ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ የተጫወተ ዝነኛ ተዋናይ ነበር። ያ አንድ ሚና ሀብት ቢያመጣለትም ሌላ የመሥራት ችሎታውን እንደ በላበት አባትየው ራሱ ይጸጸት ነበር። ልጁም የገበያን ቴአትር ከነትርፉና ከነኪሳራው ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይቶታል። ኋላም መርከበኛ ሆኖ እስከ ቦነስ አይረስ ተጉዟል። በ1914 በአባቱ ገንዘብ የአጫጭር ተውኔቶች መድበል አሳትሟል፤ በሃርቫርድም የተውኔት አጻጻፍ ትምህርት ተከታትሏል። ሆኖም እስከዚያች ዕለት ድረስ አንድም ተውኔቱ በመድረክ ላይ አልታየም ነበር።

«ወደ ካርዲፍ በምሥራቅ» የተሰኘው ባለ አንድ ገቢር ተውኔቱ በኩክ ቤት ለአባላቱ በተነበበ ጊዜ፣ እርሱ አፍሮ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር ይባላል። ንባቡ ሲያልቅ አባላቱ ምን እየጠበቁ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባቸው። ተውኔቱ ጁላይ 28 ቀን 1916፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 21 ቀን 1908 ዓ.ም.፣ በዓሣው ቤት ታየ። ያንክ የተባለ መርከበኛ ወድቆ ተጎድቶ በመርከቡ የመኝታ ክፍል ውስጥ ሊሞት ያጣጥራል። ወዳጁ ድሪስኮል አጠገቡ ተቀምጦ ያጽናናዋል። ሴራ የሚባል የለም፤ አንድ ሰው ባሕር ላይ፣ በጭጋግ መሐል፣ ከየብስ ርቆ ይሞታል። ያንክን ኩክ ተጫወተው፤ ኦኒልም በትንሽ ሚና ተካፈለ።

ግላስፔል በኋላ እንደ መሰከረችው፣ በዚያች ማታ በወደቡ ላይ በእርግጥ ጭጋግ ነበር፤ የጭጋጉ ደወል ይሰማ ነበር፤ የባሕሩም ሙላት ከወለሉ ሳንቃ ሥር ገብቶ ይንሾካሾክ ነበር። ይህን ማንም የመድረክ ባለሙያ ሊገዛው አይችልም። ተውኔቱና ቦታው ተገናኝተው ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኩክ ባለቤቱን አዲስ ተውኔት እንድትጽፍ አስገደዳት። እርስዋም ባዶው አዳራሽ ውስጥ ገብታ በሳንቃው ላይ ተቀምጣ መድረኩን ስትመለከት፣ ያ ባዶ መድረክ ቀስ በቀስ የገበሬ ቤት ማድ ቤት ሆኖ ታያት። በአዮዋ ጋዜጠኛ ሳለች የተከታተለችው የግድያ ክስ ትዝ አላት። «ጥቃቅን ነገሮች» የተሰኘው ተውኔት በዚህ ዓይነት ተጽፎ ኦገስት 8 ቀን 1916 ታየ። ባልዋን ገድላለች የተባለችው ሴት በመድረኩ ላይ አንድ ጊዜም አትታይም። ወንዶቹ መርማሪዎች ትልቅ ማስረጃ ፍለጋ ፎቅና ግርግም ሲያስሱ፣ ሁለት ሴቶች ማድ ቤት ውስጥ ካለው ጥቃቅን ነገር ሁሉን ነገር ይረዳሉ፤ የተረዱትንም ይሸሽጋሉ። ይህ ተውኔት ዛሬም በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ይጠናል።

ደንቡ

በሴፕቴምበር 1916 አባላቱ ተሰብስበው የፕሮቪንስታውን ተዋንያን በሚል ስም ደንብ አወጡ። የደንቡ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ተውኔት የሚመረጠው በሚያስገኘው ትርፍ አይደለም፤ አዲስ የአሜሪካ ተውኔት መሆን አለበት፤ ደራሲውም ዝግጅቱን ያለማንም ጣልቃ ገብነት እንደ ራሱ ሐሳብ ይመራል። ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልሱ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። የብሮድዌይ ሰዎች ችሎታ አልጎደላቸውም፤ ችሎታቸው ከእነዚህ ይበልጥ ነበር። የጎደላቸው የመሳሳት መብት ነው። የዓሣው ቤት መጥፎ ተውኔት ቢያሳይ የሚከስር ሰው አልነበረም፤ መጥፎዎችም ብዙ ታይተዋል። ከእነዚያ መካከል ግን ሌላ ማንም የማይቀበላቸው ሁለት ጸሐፍተ ተውኔት ወጡ።

ድሉና ዋጋው

በዚያው መጸው ቡድኑ ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ማክዱጋል ጎዳና ተዛወረ። እስከ 1922 ድረስ ከዘጠና የሚበልጡ አዳዲስ ተውኔቶችን አሳየ፤ ብዙዎቹም ሴቶች የጻፏቸው ናቸው። በ1919 የኦኒል «ህልመኛው ልጅ» በታየ ጊዜ፣ የጥቁሮችን ሚና ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ነጮች እንዲጫወቱ የነበረው ልማድ ቀርቶ ጥቁር ተዋንያን ተመረጡ። ኖቬምበር 1 ቀን 1920 «ንጉሠ ነገሥት ጆንስ» ታየ። ኩክ ከመድረኩ በስተኋላ የሰማይ ጥልቀት የሚሰጥ የልስን ጉልላት ለማሠራት ካዝናውን አራቆተ። የመሪነቱን ሚና የያዘው ጥቁሩ ተዋናይ ቻርልስ ጊልፒን ድንቅ ሥራ ሠራ፤ በማግስቱ ቲኬት ገዢው በሰልፍ ቆመ፤ ተውኔቱም ወደ ብሮድዌይ ተዛወረ።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ይህ ድል ነው። ከእንግዲህ በኋላ እያንዳንዱ አዲስ ተውኔት ብሮድዌይ ይደርሳል ወይ ተብሎ ይመዘን ጀመር። በነፃ ይሠሩ የነበሩት ተበታተኑ፤ የቀሩትም ስለ ደመወዝና ስለ ዝና ይከራከሩ ጀመር። በ1922 ቡድኑ ሥራውን አቆመ። ኩክ ተስፋ ቆርጦ ከግላስፔል ጋር ወደሚወዳት ግሪክ አገር ሄደ፤ በጃንዋሪ 1924 በዚያው ሞቶ በዴልፊ ተቀበረ። ኦኒል በ1936 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ግላስፔልም በ1931 የፑሊትዘርን ሽልማት ተቀበለች። የሉዊስ ወርፍን የዓሣ ቤት ግን የክረምት ማዕበልና በረዶ አፍርሰውት ባሕሩ ወሰደው።

ይህን ኪሳራ ብለን ልንጠራው አንችልም። ቤቱ የተሠራው ለዘለዓለም እንዲኖር አልነበረም፤ ሊያፈራ የሚገባውንም አፍርቷል። ሆኖም የኩክ ሐዘን ለእኛ ለባለሙያዎች የተተወ ትምህርት ነው። እኛም ብዙዎቻችን የመድረክን ሳንቃ መጀመሪያ የረገጥነው በትምህርት ቤት ወይም በማኅበር አዳራሽ፣ ማንም ሳይከፍለን ነው። ወደ እንዲህ ያለ ትንሽ ቴአትር በተጋበዝን ጊዜ የመብራቱን ጉድለትና የተዋንያኑን ድምፅ ብቻ መዝነን እንዳንመለስ። እዚህ ቤት ማን ነው የሚጽፈው? ቢሳሳትስ ነገም እንዲሞክር ይፈቀድለታል? ብለን እንጠይቅ። መልሱ አዎን ከሆነ፣ ጥሩ ብለን ካጨበጨብን በኋላ ጥሩውን ይዘን ለመሄድ አንቸኩል፤ ቤቱን ለቀሪዎቹ እንተውላቸው።